ለካርድ ክፍል መስኮት የሚሆን ስክሪን እንዴት ይሠራል

ይህ መመሪያ ለክሊኒክ ካርድ ክፍል የታካሚ መመዝገቢያ ፕሮግራም ለሚሠሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። ምሳሌው ከሐዋሳ ነው፤ ለሆቴል እንግዳ መቀበያም ሆነ ለትምህርት ቤት ሬጅስትራር ብዙው ነገር እንዳለ ይሠራል። ካርድ ክፍልን የመረጥነው ስክሪኑ ሲከፋ እዚያ ወዲያው ስለሚታወቅ ነው። ሰልፉ ይረዝማል፣ ካርድ ይጠፋል፣ የአንዱ ውጤት በሌላው ስም ይገባል።

የቀን አቆጣጠራችን፣ የሰዓት አቆጣጠራችን፣ የስማችን አወቃቀርና ፊደላችን ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ በትርጉም የሚጨመሩ ነገሮች አይደሉም። ከመጀመሪያው ቀን አብረው መታሰብ አለባቸው። በእንግሊዝኛ ተሠርቶ ኋላ አማርኛ የተለጠፈበት ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ጥግ ይይዛል፤ ሠራተኛዋም ወደ መዝገብ ደብተሯ ትመለሳለች።

መጀመሪያ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ግማሽ ቀን ካርድ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ፤ አንዱ ሰኞ ጠዋት ይሁን፣ ሌላው ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከሰዓት። ሰኞ ጠዋት ሰልፉን ያሳያችኋል፤ የሳምንቱ መሃል ደግሞ ሠራተኛዋ ፋታ ሲኖራት ምን እንደምትሠራ። ከክሊኒኩ ኃላፊ አስቀድማችሁ ፈቃድ ውሰዱ፤ የታካሚ ስምና ሕመም ማስታወሻችሁ ውስጥ አይግባ። የምትጽፉት ይህን ነው፦ ምን ተጠየቀ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል፣ የሠራተኛዋ እጅ ምን ላይ ነበር፣ የት ላይ ቆም አለች።

ቅደም ተከተሉ ከሁሉም ይበልጣል። መስኮቱ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ "ካርድ አለዎት?" ነው። ቀጥሎ "ቁጥሩን ይዘዋል?" ይባላል፤ ካልተያዘ "ሙሉ ስም ከነአያት?" ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲከፈት መታየት ያለበት አንድ የፍለጋ ሳጥን ነው፤ ጠቋሚው ቀድሞ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ፣ ማውስ ሳይነካ የሚጻፍበት። ባዶ ቅጽ ይዞ የሚከፈት ፕሮግራም ሰልፍ ባለበት ሰዓት ሠራተኛዋን ወደ አዲስ ምዝገባ ይገፋታል፤ አዲስ መሙላት የድሮውን ከመፈለግ ይቀላታልና። ሰውየው ሁለተኛ ካርድ ያወጣል፤ የስኳር ክትትሉ በአንዱ ካርድ፣ የላብራቶሪ ውጤቱ በሌላው ይቀራል። ለተደጋገመ ካርድ ሠራተኛዋን ከመውቀሳችሁ በፊት የመጀመሪያውን ስክሪን ተመልከቱ።

ቆም ያለችበትን ቦታም በደንብ እዩ። በቁራጭ ወረቀት ጫር አድርጋ ያስቀመጠችው ቁጥር፣ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ማስታወሻ፣ መዝገቡ ላይ በማስመሪያ የጨመረችው ዓምድ፣ ሁሉም የጎደለ ነገር እንዳለ ይናገራሉ። በእጅ የተሰመረ ዓምድ ካገኛችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራማችሁ ውስጥ መግባት ያለበት ነገር ነው።

መስኮቱ ላይ ምን ይሞላል

አዲስ ታካሚ ሲመጣ መስኮቱ ላይ የሚጠየቀውን በ7 አቁሙት፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ አድራሻ። የቅርብ ተጠሪ፣ አለርጂ፣ የትምህርት ደረጃ የመሳሰሉት ካስፈለጉ ታካሚው ነርሷ ፊት ተቀምጦ ይሞሉ። ሰልፍ እየሰማ የተጠየቀ የጤና ጥያቄ እውነተኛ መልስ አያገኝም።

ጾታ ሁለት ቁልፍ ይሁን፤ ሲነኩት የሚዘረጋ ዝርዝር አያስፈልገውም። አድራሻም እንዲሁ ነው። ሐዋሳ 8 ክፍለ ከተማ አላት፦ ሐይቅ ዳር፣ መናኸሪያ፣ ታቦር፣ ምሥራቅ፣ ባሕል አዳራሽ፣ አዲስ ከተማ፣ መሃል ከተማና ሐዌላ ቱላ። "ከከተማ ውጭ" ሲጨመር 9 ይሆናል። ሦስት በሦስት የተደረደሩ 9 ቁልፎች በአንድ እይታ ይታያሉ፣ በአንድ ንክኪ ያልቃሉ። ቦታቸውን ግን አትለዋውጡ። "ብዙ የተመረጠው ወደ ላይ ይውጣ" የሚለው ሐሳብ ለእንዲህ ያለ ስክሪን ጎጂ ነው፤ ሠራተኛዋ ከለመደችው በኋላ ቁልፉን የምታገኘው አንብባ ሳይሆን ቦታውን አውቃ ነው። "ከከተማ ውጭ" ሲነካ ብቻ የወረዳ መጻፊያ ይከፈት፤ ወንዶ ገነት፣ ይርጋለም፣ ሻሸመኔ የሚሉት ሁለት ፊደል ሲጻፍ ራሳቸው ይምጡ።

ስክሪኑ የሚነካ ከሆነ ቁልፎቹ በሁለቱም አቅጣጫ ከ9 ሚሊ ሜትር አይነሱ። የአንድሮይድ መመሪያ የሚያዘው 48 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ) ይህንኑ ያህላል፤ በመካከላቸውም ቢያንስ 8 ዲፒ ክፍት ይተው። ኪቦርድ ያለው ኮምፒውተር ከሆነ በታብ ቁልፍ ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚኬድበት ቅደም ተከተል ሠራተኛዋ በአፏ ከምትጠይቅበት ጋር አንድ ይሁን። ዓይኗ ሰውየው ላይ እንዳለ እጇ መጻፍ ከቻለች ስክሪኑ ጥሩ ነው።

የሞባይል ስልክ ቁጥር 10 አኃዝ ሆኖ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። +251 ብሎ የጀመረውንም፣ ክፍት ቦታ ያለበትንም ተቀበሉና ራሳችሁ አስተካክላችሁ በአንድ መልክ አስቀምጡ። አንድ ነገር ግን አታድርጉ፦ ስልክ ቁጥርን የሰው መለያ አታድርጉት። የእናት ስልክ የአራት ልጆች ስልክ ነው፤ ከገጠር የመጣ ታካሚ የጎረቤቱን ሊሰጥ ይችላል። "ይህ ቁጥር ተይዟል" ብሎ ምዝገባ የሚከለክል ፕሮግራም ሠራተኛዋን የሐሰት ቁጥር መፈልሰፍ ያስተምራታል፤ ያ ከገባ በኋላ የቀጠሮ መልእክት ለማያውቁት ሰው ይሄዳል።

ኮድ ከመጻፍ በፊት ወረቀት

እያንዳንዱን ስክሪን በኤ4 ወረቀት ላይ በእርሳስ ሳሉ። የሚከፈትና የሚዘጋ መልእክት ካለ በትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ ያዙ። ሠራተኛዋ በጣቷ "ትነካለች"፣ እናንተ ወረቀቱን ትቀይራላችሁ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ብቻ ነው፤ ኮድ ውስጥ ቢገባ ሳምንት የሚበላን ስህተት ቀድሞ ያሳያል። ሌላም ጥቅም አለው፤ በእርሳስ የተጫረ ነገር ሲያይ ሰው ደፍሮ ይተቻል፣ ያማረና ያለቀ ስክሪን ሲያይ ግን "ጥሩ ነው" ብሎ ያልፋል።

ስምና ፍለጋ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከዚህ ሥራ ሁሉ ከባዱም ጠቃሚውም ይሄ ነው።

ስማችን የቤተሰብ ስም የለውም፤ ስም፣ አባት፣ አያት ነው። ከውጭ የመጣ የፕሮግራም አብነት "የመጨረሻ ስም" ብሎ የአያትን ስም ዋና መደርደሪያ ያደርገዋል። ያኔ ሠራተኛዋ በታካሚው ስም ስትፈልግ አታገኝም፣ እናትና ልጅም በምንም አይገናኙም። ሦስት የተለያዩ ሳጥኖች አድርጉ፤ ዝርዝሩም በራሱ በሰውየው ስም ይደርደር። ገና ስም ላልወጣለት ጨቅላ "የ… ልጅ" ተብሎ በእናት ስም የሚመዘገብበትና ኋላ የሚስተካከልበት መንገድ ይኑር።

ቀጥሎ ሞክሼ ፊደላት አሉ። "ፀሐይ" የሚለውን ስም ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ 12 ዓይነት አጻጻፍ ማለት ነው፤ ሁሉም በንባብ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። የከተማችንን ስም እንኳ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ እያልን እንጽፋለን።

መፍትሔው ሁለት ዓምድ መያዝ ነው። አንደኛው ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው እንዳለ ይይዛል፤ ይህን በፍጹም አትንኩት፤ ካርዱ ላይ የሚታተመውም እሱ ነው። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተስተካከለ ቅጂ ነው። በእሱ ውስጥ ሐና ኀ ከነዘሮቻቸው ወደ ሀ ይለወጣሉ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይጠቃለላል፤ በእነዚህ ሁለት ቤቶች ግዕዙና ራብዑ በአማርኛ ንባብ አንድ ድምፅ ናቸውና። ጐ ወደ ጎ፣ ኰ ወደ ኮ፣ ቈ ወደ ቆ ይግባ። ሠራተኛዋ የምትጽፈው የፍለጋ ቃልም በዚያው ሕግ ተስተካክሎ ከሁለተኛው ዓምድ ጋር ይመሳከር።

አሁን በጣም የሚረሳው ነገር፦ ያዘነበለ መስመር (/)። ገ/መድኅን፣ ኃ/ሥላሴ፣ ተ/ሃይማኖት፣ ወ/ማርያም ተብሎ የተጻፈ ስም ሞልቷል። ለፍለጋው ዓምድ ገ/ ወደ ገብረ፣ ኃ/ ወደ ኃይለ፣ ተ/ ወደ ተክለ ይፍታ። ወ/ ግን ወልደም ወለተም ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም አስገቡ። ወ/ሮ እና ወ/ሪት ከተጻፈ ማዕረግ ነውና ከስሙ ይውጣ። በ"ገብረ" እና በ"መድኅን" መካከል ያለ ክፍት ቦታም ለፍለጋ ሲባል ይጥፋ፤ አንዱ አጣብቆ፣ ሌላው ለይቶ ይጽፋልና።

የሲዳማ ስሞች ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሲዳማ ቋንቋ፣ ሲዳሙ አፎ፣ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ስሙ ወደ አማርኛ ሲገባ ደግሞ እንደጸሐፊው ይለያያል። ሕግ አውጥቶ ሁሉንም መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የተመሳሰለውን ብቻ ሳይሆን በአንድ ፊደል የሚለየውንም ከታች "ተቀራራቢ ስሞች" በሚል አሳዩ፤ ያው የፍለጋ ሳጥን ደግሞ ስልክና የካርድ ቁጥር ይቀበል። በ09 ወይም በ07 የጀመረ ስልክ ነው፣ ሌላ ቁጥር ካርድ ነው፣ ፊደል ከሆነ ስም ነው። ሠራተኛዋ "በምን ልፈልግ" ብላ መምረጥ የለባትም።

ውጤቱ ሲመጣ አንድ ረድፍ ላይ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ዕድሜና ጾታ፣ ክፍለ ከተማ፣ የስልኩ የመጨረሻ 4 አኃዝ፣ መጨረሻ የመጣበት ቀን ይታይ። የአያት ስም በነጥብ እንዳይቆረጥ፤ ሁለት ሰው በስምና በአባት አንድ ሲሆን የሚለያቸው እሱ ነው። "አዲስ ታካሚ" የሚለው ቁልፍ ከውጤቶቹ በታች ይቀመጥ፤ ወደሱ የሚደረሰው ዝርዝሩ ከታየ በኋላ ይሆናል።

ቀንና ሰዓት

መረጃ ቋቱ ውስጥ ቀኑን በአንድ አቆጣጠር ብቻ፣ በጎርጎርዮሳዊው፣ አስቀምጡ፤ ስክሪኑ ላይ፣ ካርዱ ላይና መልእክቱ ላይ ግን የሚታየው የእኛው ይሁን። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አንዱ ሲስተካከል ሌላው እንዲረሳ ያደርጋል። አንድሮይድ ከ7ኛው ስሪት ጀምሮ የኢትዮጵያን አቆጣጠር በውስጡ ይዟል፤ በራሳችሁ ለማስላት ደግሞ ቀላል ነው። ዓመቱን ዓ፣ ወሩን ወ፣ ቀኑን ቀ ካልን፦

1724221 + 365 × (ዓ − 1) + (ዓ ÷ 4፣ ቀሪው ተጥሎ) + 30 × (ወ − 1) + ቀ − 1

የሚወጣው የጁሊያን ቀን ቁጥር (ቀናትን ያለማቋረጥ የሚቆጥር ቁጥር) ነው፤ ከዚያ ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚቀይር ተግባር በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ይገኛል። ለመፈተሽ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. 2460200 መስጠት አለበት፤ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ላይ ይውላል። ጳጉሜ 6 የምትኖረው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲቀር ነው፤ 2015 እንዲህ ነበር፣ 2019ም እንዲሁ ነው። "ሁልጊዜ 7 ዓመት ከ8 ወር ቀንስ" ብሎ የሚሠራ ኮድ በቀናት ይስታል፤ ያ ስህተት ቀጠሮ ያዛባል።

ቀጠሮ መስጫው ላይ ካላንደር ከመዘርጋት ይልቅ አራት ቁልፍ ይበቃል፦ ከ1 ሳምንት፣ ከ2 ሳምንት፣ ከ4 ሳምንት፣ ሌላ ቀን። ሲነካ "ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11" ብሎ ቀኑን ከነዕለቱ ያሳይ። "ከ1 ወር" የሚል ቁልፍ ራሱ ወጥመድ ነው። ነሐሴ 20 ላይ ወሩን በአንድ ከፍ ያደረገ ኮድ ጳጉሜ 20 ይሰጣል፤ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ያንን ለማረም ብሎ ወደ መስከረም 20 የዘለለ ደግሞ በተለመደው ዓመት 35 ቀን ያደርገዋል። የ30 ቀን መድኃኒት የተሰጠው የደም ግፊት ታካሚ 5 ቀን ያለ መድኃኒት ይቀራል። 4 ሳምንት፣ ማለትም 28 ቀን፣ ዕለቱን ሳይቀይር ሁለት ቀን መጠባበቂያ ይተዋል።

በዓላትን በኮድ ውስጥ አትቅበሩ። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ መስቀል መስከረም 17፤ ኢድ ግን በጨረቃ ይወሰናል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ አለ፤ ቀኑን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉ የሲዳማ ሽማግሌዎች ሰማይ አይተው ነው። የክሊኒኩ ኃላፊ ራሱ በየዓመቱ የሚያስገባበት ትንሽ የበዓላት ዝርዝር ሥሩ፤ ቀጠሮ በበዓል ቀን ሲወድቅ ስክሪኑ ያስጠንቅቅ እንጂ አይከልክል፤ ድንገተኛ ክፍል በበዓልም ይሠራል።

ሰዓት ላይ 6 መቀነስ ብቻ አይበቃም። "3 ሰዓት" ከጠዋቱ ነው ወይስ ከምሽቱ? ሁልጊዜ ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ የሚለው አብሮ ይጻፍ። ሌሊት ተረኛ ያለበት ክሊኒክ ከሆነ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የገባ ታካሚን ኮምፒውተሩ በአዲሱ ቀን ይመዘግበዋል፤ ተረኛዋ ግን ሥራዋን የምትቆጥረው በትናንቱ ነው። የተረኛ ዝርዝር የሚታተመው ከጠዋት እስከ ጠዋት ይሁን፤ አለበለዚያ የገንዘብ ሂሳቡ በየማለዳው አይገጥምም።

ዕድሜን በተመለከተ ብዙ ሰው ዓመቱን እንጂ ቀኑን አይናገርም። ቁጥርና "ዓመት / ወር / ቀን" የሚል ምርጫ አስቀምጡ፤ ለሕፃናት ወርና ቀን የመድኃኒት መጠን ጉዳይ ነው። በግምት የተሞላ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት መረጃ ቋቱ ውስጥ ይኑር። ቀኑ ያልታወቀን ሰው ዝም ብሎ "መስከረም 1 ተወለደ" የሚል ፕሮግራም የፈጠራ መረጃ ያከማቻል።

ፊደልና ቃል

የአማርኛ ፊደል ከላቲን ይልቅ ዝርዝር የበዛበት ነው፤ ሱና ሲ፣ ሉና ሊ፣ ጡና ጢ የሚለያዩት ቅጥያዋ ከእግሩ መሃል ወይም ከእግሩ ግርጌ በመሆኗ ብቻ ነው። በ12 ፒክሰል ይህች ልዩነት ትጠፋለች። ለሚነበብ ጽሑፍ 18 ፒክሰል፣ ለታካሚ ስም 22፣ የመስመር ርቀቱን የፊደሉን 1.6 እጥፍ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ከ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት "ሱ ሲ ሉ ሊ ጡ ጢ" ጽፋችሁ መነበቡን እዩ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ስለዚህ አጽንዖት በመጠን ወይም በቀለም ይሰጥ። ወፍራም ፎንት በትንሽ መጠን የጨና የጩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ማዘንበልም አያምርበትም። ፎንቱን ከፕሮግራሙ ጋር አብራችሁ ጫኑ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኝ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ይኖራል ብላችሁ ከተዋችሁት አንዱ ጋ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ክሊኒኩ በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ካለው ወደ ዩኒኮድ ሳይቀየር አታስገቡት፤ ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል።

የጽሑፍና የመደብ ቀለም ንጽጽር ከ4.5 ለ1 አይነስ፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት ደንብ የሚያዘው ነው። መስኮቱ ፀሐይ የሚገባበት ከሆነ ወደ 7 ለ1 ከፍ አድርጉት። "ከፍሏል"ን በአረንጓዴ፣ "አልከፈለም"ን በቀይ ብቻ አታሳዩ፤ ሁለቱን ቀለሞች የማይለይ ሰው አለ፣ ጥቁርና ነጭ አታሚም አለ። ቃሉ ራሱ ይጻፍ።

ቁልፍ ላይ የሚጻፈውን በተመለከተ "ፈልግ"፣ "መዝግብ" ማለት ለሴት ሠራተኛ ወንድን እንደማዘዝ ነው፣ "ይፈልጉ" ደግሞ ይረዝማል። "ፍለጋ"፣ "ምዝገባ"፣ "ሕትመት" አጭርም ለሁሉም የሚሆንም ነው። ታካሚው በሚያነበው ላይ ግን አንቱታ ይግባ። ዓረፍተ ነገር ከቁርጥራጭ አትገጣጥሙ፤ ስም ከአንድ ቦታ፣ "መጥቷል" ከሌላ ቦታ የሚያመጣ ኮድ ሴቷን ወንድ ያደርጋታል።

አንድ መልእክት በቅርብ እንይ። ሠራተኛዋ ቀጠሮ ልታጠፋ ነካች፤ ስክሪኑ "ቀጠሮውን መሰረዝ ይፈልጋሉ?" ብሎ ሁለት ቁልፍ ያቀርባል፦ "እሺ" እና "ሰርዝ"። "ሰርዝ" ቀጠሮውን ነው ወይስ ጥያቄውን? ግማሹ ሰው እንዲህ፣ ግማሹ እንዲያ ይረዳዋል፤ ጥፋቱ የሚታወቀው ታካሚው በቀጠሮው ቀን ሲመጣ ነው። "የማክሰኞው ቀጠሮ ይሰረዝ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ቁልፎቹ "አዎ፣ ይሰረዝ" እና "አይ፣ ይቆይ" ይሁኑ። የተሰረዘውን የሚመልስ "ይመለስ" የሚል ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ከታች ቢቆይ ደግሞ ከጥያቄው ይበልጥ ይጠቅማል።

የስህተት መልእክትም እንደዚሁ ነው። "ልክ ያልሆነ ግቤት" ለማንም አይረዳም። "ስልኩ 9 አኃዝ ነው፤ አንድ ጎድሏል" ይበል፣ ከሳጥኑ ሥር ይታይ፣ የተጻፈውንም አያጥፋ።

ወደ ታካሚው ስልክ የሚሄድ አጭር መልእክት በአማርኛ ሲጻፍ አንዱ 70 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ በላቲን ፊደል 160 ነው። 71ኛው ሲጨመር ሁለት መልእክት ይሆናል፣ ክፍያውም እጥፍ። "ቀጠሮ፦ ማክሰኞ ጥቅምት 11፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ክፍል 4። ካርድ 1-00452።" ከነክፍት ቦታው 50 ምልክት ነው። "ውድ ደንበኛችን" የሚለውን ትታችሁ ቀኑን አስቀድሙ። የሕመሙን ዓይነትም ሆነ የክትትሉን ስም አትጻፉ፤ ስልኩን ሌላ ሰው ሊያነሳው ይችላል። በሲዳሙ አፎ የሚላከውን የቋንቋው ተናጋሪ ይጻፈው፣ ሌላ ተናጋሪ ያንብበው። ስክሪን ላይም ለእሱ የሚሆን ሰፋ ያለ ቦታ ተዉ፤ በላቲን ሲጻፍ ቃሉ ከአማርኛው ይረዝማልና።

መብራት ሲጠፋ

መብራት የሚጠፋው ቅጹ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው ብላችሁ ሥሩ። ጠቋሚው ከአንድ ሳጥን በወጣ ቁጥር የተጻፈው በዚያው ኮምፒውተር ይቀመጥ፤ ሲበራ "ያልተጠናቀቀ ምዝገባ አለ" ብሎ ከነበረበት ይቀጥል። ኔትወርክ ሲቆምም ምዝገባ አይቁም። ሁለት መስኮት ካለ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ መነሻ ቁጥር ይኑረው፣ አንዱ 1-00452፣ ሌላው 2-00317 እያለ ይቀጥል፤ እንዲህ ከሆነ ኔትወርክ ሳይኖር የወጡ ካርዶች አይጋጩም። ከስክሪኑ በላይ ሁልጊዜ የሚታይ አንድ መስመር "ሁሉም ተልኳል" ወይም "3 ምዝገባ ገና አልተላከም" ይበል።

ቁልፍ ሲነካ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይለወጥ። ሥራው ከ1 ሰከንድ ካለፈ "በመመዝገብ ላይ" ይበል፣ ከ10 ሰከንድ ካለፈ ሠራተኛዋ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ ትችል። ምላሽ ያላገኘ ሰው ደጋግሞ ይነካል፤ ክፍያ ሁለት ጊዜ የሚመዘገበው በዚህ ነው። ቁልፉን ከአንድ ንክኪ በኋላ መዝጋት ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ሌላው ግማሽ ለእያንዳንዱ ምዝገባ ልዩ መለያ ሰጥቶ ሰርቨሩ ያንኑ መለያ ሁለተኛ ጊዜ ሲያገኝ እንዲተወው ማድረግ ነው።

ፍተሻ

የአጠቃቀም ተመራማሪዎቹ ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስሌት መሠረት 5 ሰው ብቻ ብትፈትኑ ከአጠቃቀም ጉድለቶች 85 ከመቶ ያህሉ ይወጣል። ስለዚህ 15 ሰው አንድ ጊዜ ከመፈተን 5 ፈትኖ፣ አርሞ፣ ሌላ 5 መፈተን ይሻላል። ከ5ቱ ቢያንስ ሁለቱ ኮምፒውተር ብዙም ያልለመዱ ይሁኑ።

ለእያንዳንዳቸው በጽሑፍ የተዘጋጀ ተመሳሳይ ሥራ ስጡ፦ ካርዷን የረሳች ታካሚን በስም ፈልጎ ማግኘት፤ ከይርጋለም የመጣ የ8 ወር ሕፃን መመዝገብ፤ ቀጠሮ በበዓል ቀን ላይ የወደቀበትን ሰው ማዛወር፤ በስህተት የተመዘገበ ስልክ ማረም። ስሞቹ የፈጠራ ይሁኑ። ሥራው ስንት ሰከንድ እንደፈጀ፣ ስንት ጊዜ እንደተመለሰችና የት ላይ "እንዴት ነው?" ብላ እንደጠየቀች ጻፉ። አፋችሁን ያዙ፤ አንዴ ከጠቆማችሁ ያ ሥራ ተበላሽቷል።

"ወደዱት?" ብላችሁ አትጠይቁ። በእኛ አገር እንግዳ የለፋበትን ነገር ፊት ለፊት መንቀፍ ነውር ነው፤ መልሱ "በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ" ይሆናል። "እያሰብሽ ተናገሪ" ማለትም ብዙ ሰው ያሳፍራል። የተሻለው ሁለት ሠራተኞች አንድ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ አንዷ ለሌላዋ ስታስረዳ "እዚህ ጋ ነው መሰለኝ… አይ፣ አይደለም" የሚለው ሁሉ ሳይጠየቅ ይወጣል። ሁለቱ የተከራከሩበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት፤ መጀመሪያ የሚታረመው እሱ ነው።

ሥራ ላይ ማዋል

ሰኞ አትጀምሩ። ረቡዕ ከሰዓት፣ በአንድ መስኮት ብቻ ጀምሩ፤ ሌላው በመዝገብ ይቀጥል። ለመጀመሪያው ሳምንት ከሠሪዎቹ አንዱ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ። መዝገቡንና ፕሮግራሙን ጎን ለጎን ማስኬድ ከአንድ ሳምንት አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሠራተኛዋ ሥራዋ እጥፍ ስለሚሆንባት አንዱን መተው ትጀምራለች፣ የምትተወውም አዲሱን ነው። ስክሪኑ ወደ ሰልፉ እንዳይዞር አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ የተራ መጥሪያው ቁጥር ብቻ ያሳይ። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ የሚያገለግል የታተመ ባዶ ቅጽ 50 ያህል መሳቢያ ውስጥ ይኑር፤ የሳጥኖቹ ቅደም ተከተል ከስክሪኑ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፣ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ዓይን ወዲያና ወዲህ እንዳይዘል። ቅጾቹ ላይ የካርድ ቁጥሩ አስቀድሞ በ9 ጀምሮ ይታተም፣ 9-00001 እያለ፤ ከሁለቱም መስኮቶች ቁጥር ጋር አይምታታም።